የግልግል ዳኛ ሊሰጥ የሚችለው መፍትሔ ወሰን

በብቸናም ሆነ በሞጣ በእህል ሽያጭ ወይም በብድር የተነሳ ክርክርን ለግልግል ዳኛ ለማቅረብ የሚስማሙ ተገልጋዮች የመፍትሔውን ወሰን አስቀድመው ሊረዱ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት የዳኛው ሥልጣን ከተከራካሪዎቹ ስምምነት ይመነጫል፤ ስለሆነም ዳኛው ገንዘብ እንዲከፈል ወይም ውል እንዲፈጸም መወሰን ቢችልም፣ በስምምነቱ ያልተካተተን ሰው አያስገድድም። የአዋጁ አንቀጽ 7 ፍቺን፣ ወንጀልን፣ ግብርንና የመሬት ጉዳዮችን በግልግል ዳኝነት እንዳይታዩ ከልክሏል። ስለዚህ የጤፍ ሽያጭ ዕዳን እንዲመረምር የተመረጠ ዳኛ «የባለዕዳው ማሳ ለአበዳሪው ይሰጥ» ብሎ ቢወስን ከሥልጣኑ ያልፋል። በወሰኑ ውስጥ የተሰጠ ውሳኔም በፈቃድ ካልተፈጸመ ባለመብቱ የአፈጻጸም አቤቱታውን ለፍርድ ቤት ያቀርባል እንጂ ዳኛው ራሱ ንብረት አይዝም። በመሆኑም ተገልጋዮች በስምምነታቸው ላይ ለዳኛው የሚሰጡትን ጉዳይ በግልጽ እንዲዘረዝሩ ይመከራል።