ስጦታ ከነውሉ

የአትላንታው ግሬዲ ሜሞሪያል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1892 ከተከፈተ ጀምሮ የከተማዋ ድኾች መጠጊያ ሆኖ ኖሯል። በ2007 ግን የገንዘብ ቀውስ ጸንቶበት ከመዘጋት አፋፍ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት የሮበርት ውድረፍ ፋውንዴሽን 200 ሚሊዮን ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ፤ ቃሉ ግን ውል ነበረው። ይኸውም ንብረቱ በፉልተንና በዲካልብ ካውንቲዎች የሆስፒታል ባለሥልጣን እጅ ቢቆይም፣ አስተዳደሩ ለትርፍ ላልቆመ፣ ራሱን ለቻለ ቦርድ እንዲተላለፍ ነው። ዝውውሩ ተፈጸመ፤ ሆስፒታሉም ዳነ።

ይህ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የገንዘቡ መጠን ነው። ለዛሬ ለጋሾች የሚበጀው ትምህርት ግን ውሉ ላይ ይገኛል።

«ለትርፍ ያልቆመ» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። 460 አልጋዎች የነበሩት አትላንታ ሜዲካል ሴንተር ኖቬምበር 1 ቀን 2022 ሲዘጋ፣ ባለቤቱ ዌልስታር ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነበር። ድርጅቱ ከባድ ኪሳራን በምክንያትነት ጠቅሶ ውሳኔውን ለሕዝብ ያስታወቀው ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ነው። በዚያን ጊዜ ለከባድ አደጋ የመጨረሻውን ደረጃ ሕክምና ለአዋቂዎች የሚሰጥ ሆስፒታል በከተማዋ ውስጥ ግሬዲ ብቻ ቀረ።

ለጋሽ ቅድመ ሁኔታ ሲያስቀምጥ የባለጸጎች ፈቃድ በሕዝብ ተቋም ላይ ይሠለጥናል የሚል ስጋት በ2008ም ተነሥቶ ነበር። ስጋቱ ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ውልን መተው ሳይሆን፣ ውሉ የለጋሹን ስም ሳይሆን የሕመምተኛውን መብት እንዲያስከብር ማድረግ ነው።

በክላርክስተንና በዲኬተር አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህ አሠራር አዲስ አይሆንባቸውም። እድርተኛ መዋጮውን የሚከፍለው በመተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ሒሳቡንም በጉባኤ ይጠይቃል። አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ማኅበራት ለሆስፒታል ገንዘብ ሲያሰባስቡም ይህንኑ ልማድ ይዘው ቢቀርቡ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይችላሉ።

አንደኛ፣ የነጻና የቅናሽ ሕክምና መመሪያው በአማርኛ እንዲቀርብ። የፌዴራል ሕግ ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸው፣ ቁጥራቸው 1,000 ወይም ከሚያገለግለው ሕዝብ 5 በመቶ ለሚሞላ ተናጋሪዎች፣ ከሁለቱ ባነሰው ልክ መመሪያውን እንዲያስተረጉም ያዛል። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ለታክስ መሥሪያ ቤት የሚቀርበው ሪፖርት፣ በተለይም ለነጻ ሕክምና የዋለው ወጪ፣ ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ እንዲገለጽ። ሦስተኛ፣ አንድ አገልግሎት ከመዘጋቱ በፊት ነዋሪው በቂ ጊዜ ተሰጥቶት እንዲመክርበት።

ልግስና ግን የመንግሥትን ድርሻ አይተካም። ስጦታ ሕንጻ ያድሳል፣ መሣሪያ ይገዛል፤ ኢንሹራንስ የሌለውን ሕመምተኛ ዓመት ከዓመት ማከም የሚቻለው በካውንቲና በክፍለ ግዛት በጀት ነው። ጆርጂያ ሜዲኬይድን ሙሉ በሙሉ ያላስፋፋች ግዛት በመሆኗ ሸክሙ እንደ ግሬዲ ባሉ ሆስፒታሎች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለጋሹ ቼኩን በፈረመበት እጁ ለተወካዩም ደብዳቤ ሊጽፍ ይገባዋል።