ዋንጫው ለቀለሙ ነው ለመኪናው?

ሮብ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው ጠጉሯ ስላብረቀረቀ ብቻ ብር አያወጣም። ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ይገምታል፣ ኮርቻ የሚያርፍበትን ጀርባዋን ይዳብሳል፣ ሰኮናዋን ያነሣል፣ በመጨረሻም ዳገቱን ትንሽ ያስኬዳታል። ሻጩም አይቀየምም፤ ነገ እሱም ገዥ ነው።

አሮጌ መኪና አድሰው ለእይታ በሚያቀርቡ ሰዎች ዘንድ ግን ምኑ ታይቶ እንደሚፈረድ ስምምነት የለም። ይህ ከጡረተኛ ነርስ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ያገናኘው የእኅቴ ልጅ ቮልስ ነው፤ ወደ ኋላ ላይ ደግሞ የሕፃን ልጁ ጤና።

በእኔ ዕድሜ ቮልስን የማያውቅ የለም። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት፣ የምትቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች። እኛ አገር ግን ዛሬም ሥራ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቿ ተሰባስበው በሰልፍ ይነዷታል።

የእኅቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር እንዲህ ባለ ስብሰባ ተወዳድሮ ነበር። መኪናዋን የሰጠው አባቱ ነው። ቀለሟ ደብዝዟል፣ ግን ከፋብሪካ የወጣችበት ነው። የወንበሯ ልብስ ተቀድዷል፣ ግን ያው የድሮው ነው። የሞተሯና የሻንሲዋ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። አንደኛ የወጣችው ሌላ ቮልስ ስትሆን እንደ መስታወት ታበራለች፤ ሰፋፊ ቸርኬ ገብቶላታል፣ ሞተሯም ተቀይሯል። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በሯ ላይ ቢያስጠጉ አልያዘም፤ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነበር። «አክስቴ፣ የእኔዋ ቆሻሻ ተባለች» አለኝ በስልክ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ሲከፋው ሰምቼ አላውቅም።

ዳኞቹን ሙሉ በሙሉ አልኮንንም። መለዋወጫ በማይገኝበት አገር ከሌላ መኪና አውጥቶ ገጥሞ ያስነሣ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል። ሁሉም ነገር የፋብሪካው ካልሆነ ብሎ ማክረርም ዋንጫውን ከጀርመን ዕቃ ማስመጣት ለሚችል ባለገንዘብ መስጠት ይሆናል። የማልስማማው ደኅናውን የድሮ ነገር እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ነጥብ መቀነሱ ላይ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነበር። ያችን መኪና ዛሬ አግኝቶ ቀለሟን ልጦ አዲስ የሚቀባትን ሰው ማን አንደኛ ይለዋል?

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፔብል ቢች በሚባለው ታዋቂ የመኪና ትርኢት ለብዙ ዘመን ታላቁን ሽልማት የሚወስዱት አብረቅርቀው የታደሱት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ዳኞቹ ያልታደሰችን አንዲት የ1934 ቡጋቲ መረጡ፤ ከተጠበቁት መኪኖች መካከል ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ናት። በአንድ ወቅት የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሦስተኛ መኪና ነበረች፤ ያረጀ ቀለሟን እንደያዘች ነው የቀረበችው። እዚያው አገር በ1935 የተመሠረተው የጥንታዊ መኪኖች ክለብ የታደሰችን መኪና ከ400 ነጥብ አስጀምሮ በየጉድለቷ ይቀንስባታል፤ ሳትነካ የቆየችውን ግን ለብቻዋ በሌላ ምድብ ያያታል። ዓለም አቀፉ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ደግሞ ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላትን፣ የጥንት ይዞታዋን የጠበቀችውንና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማታገለግለውን ነው። ይህን ለእኅቴ ልጅ ብነግረው ሳቀ። ልጁን በየጧቱ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በዚያችው ቮልስ ነዋ!

ሳቁን ጨርሶ የተናገረው ነው እንቅልፍ የነሣኝ። «ለከርሞ ግቢ ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ላሜራው ላይ አደርሳታለሁ፤ ልጄም ያግዘኛል» አለ። ልጁ ገና አምስት ዓመቱ ነው።

እናቶችና አያቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። በዚያ ዘመን በመኪና ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን ይገባ ነበር፤ በተለይ በቢጫና በቀይ ቀለም፣ እንዲሁም ከሥር በሚቀባው ዝገት መከላከያ። ቀለሙ ሳይነካ እንዳለ ሲቀመጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ሲፈገፈግ ግን ደቃቅ አቧራ ሆኖ መሬት ላይ፣ ልብስ ላይና የሕፃን ጣት ላይ ያርፋል፤ ጣቱ ደግሞ ወደ አፍ ነው የሚሄደው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሕፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ነው። ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። አእምሮ በሚያድግበት ዕድሜ የሚጎዳው አእምሮን ነው፤ ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው፣ ወላጅ የሚያውቀው ልጁ ትምህርት ሲከብደው ነው። በነፍሰ ጡር ሴት ደም በኩልም ወደ ጽንሱ ያልፋል። አገራችን በአዲስ ቀለም ውስጥ የእርሳስ መጠን ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታለች፤ ደንቡ ግን የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተቀባ በር ላይ ያለውን አያነሣውም።

መፈግፈግ ግድ ከሆነ ጋራዥ ይሠራ፤ ሕፃንና ነፍሰ ጡር አይጠጉ። በደረቁ ሳይሆን ውኃ እያስነኩ ይፈግፈጉት። አፍ ላይ የሚታሰር ነጠላ ይህን አቧራ አይከለክልም። የሠራበትን ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡት፣ እጁንም ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ። የፍሬን ሸራ ሲቀይሩም አቧራውን በአየር ማስነፋት ክፉ ልማድ ነው፤ በድሮው ሸራ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ አስቤስቶስ አለበት።

እንግዲህ ዳኛው በቀለም ጉዳይ የሚሰጠው ነጥብ እስከ ቤተሰቡ ግቢ ድረስ ይደርሳል። ብልጭታ ብቻ ከተሸለመ ደኅናውም ቀለም ይላጣል።

የቤተሰቡ ነገር በዚህ አላበቃም። አባትየው መኪናዋን ሊልጣት እንደሆነ ሲሰማ ልጁን ሳምንት ያህል አላነጋገረውም። በግራ የፊት ጭቃ መከላከያዋ ላይ ያለችውን ጭምዳጅ ማንም እንዳይነካት ይፈልጋል፤ እኅቴ ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ሲሮጥ ከአጥር ጋር ያጋጫት ነው። የያዘችው ምጥ ደግሞ የዚሁ ልጅ ነበር።

ለሁለቱም ያልኳቸው አንድ ነው። ሳትነካ የቆየች፣ የታደሰች፣ በየቀኑ የምትሠራ ተብሎ ሦስት ሰልፍ ይሁን፤ እርስ በርስ አይነጻጸሩ። ዳኛው ከማየቱ በፊት ሊብሬውንና የጥገና ደረሰኞችን ይጠይቅ፤ እኛ በሽተኛውን ከመንካታችን በፊት ካርዱን እናነብ እንደነበረው። ከኮፈኗ በፊት ሆዷን ተንበርክኮ ይይ፣ አስነሥቶም ይስማ። ባለቤቱም አንዲት ብሎን ከመፍታቱ በፊት ፎቶ ያንሣ፣ የምን ዕቃ ከየት እንደመጣ ደብተር ላይ ይጻፍ። ለዚህ ለዚህ የአምስት ዓመቱ ልጅም ያገለግላል፤ ብሎኖቹን በጣሳ ይለያል፣ አያቱ የሚሏቸውን ስሞች ያጠናል።

ልጁ ሐሳቡን ለጓደኞቹ አቅርቦላቸዋል። ሦስቱን ሰልፍ ተቀብለዋል፤ ደረሰኝ ማቅረቡ ላይ አንዳንዱ አጉረምርሟል። ቮልሷ ታጥባ ሰም ተቀብታለች፣ ጭምዳጇም በቦታዋ ናት። አባትና ልጅ አሁን የሚጨቃጨቁት ጎማው የድሮው ዓይነት ቀጭን ይሁን አይሁን በሚለው ላይ ነው፤ እኔን ዳኛ አድርገውኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ።