እናቲቱ የት ናት?

ለሽያጭ የቀረበ ቡችላ ፎቶው ሁልጊዜ ያምራል። ታጥቦ፣ አንገቱ ላይ ሪባን ታስሮለት፣ ነጭ ፎጣ ላይ ቁጭ ብሎ። እናቱ ግን ፎቶው ላይ የለችም። በአሜሪካና በእንግሊዝ «የቡችላ ፋብሪካ» የሚባለው ንግድ የሚኖረው እሷ ስላልታየች ነው። ቨርጂኒያ ያለ ሐበሻ አባት ልጁ «ውሻ፣ ውሻ» እያለ ሲያስቸግረው ከሱቅ ቡችላ ገዝቶ ሲገባ፣ የገዛው ከየት እንደመጣ የሚነግረው የለም።

የእናቲቱ ኑሮ እንዲህ ነው። የውሻ እርግዝና ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በእነዚህ ቦታዎች ከአንዱ ወሊድ በቅጡ ሳታገግም ለሌላው ትዘጋጃለች። ልጆቿ በየተራ ይወሰዱባታል። መውለድ ያቆመች ዕለት ቀለቧ ኪሳራ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ዌልስ ውስጥ ካለ አንድ እርባታ የወጣችው ሉሲ ጀርባዋ ጎብጦ፣ ዳሌዋ ደርቆ፣ ጸጉሯም ቦታ ቦታው ላይ ተመልጦ ነበር። በ2016 ሞተች። የእንስሳት ሐኪሙ ማርክ አብርሃም የመራው ዘመቻ ያስገኘውና በኤፕሪል 2020 በእንግሊዝ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በስሟ ይጠራል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ከስድስት ወር በታች የሆነን ቡችላ ራሱ ያላራባ ነጋዴ አይሸጥም፤ ገዢውም ቡችላውን በተወለደበት ቦታ ከእናቱ ጋር ያየዋል። በእርግጥ አታላይ አይጠፋም፤ ሌላ ውሻ አምጥቶ «እናቱ ይቺ ናት» የሚል አለ። ቢሆንም ሕጉ ጣቱን የቀሰረው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።

አሜሪካ ደግሞ ጎጆ ትለካለች። በ1966 የወጣውና «የእንስሳት ደኅንነት ሕግ» የሚባለው የፌዴራል ሕግ በሥሩ ባሉት ደንቦች ጎጆው ከውሻዋ ርዝመት በስድስት ኢንች፣ ማለትም በ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከበለጠ ይበቃል ይላል። ይህ ርዝመት ጅራትን አይጨምርም። ብቻዋን የምትኖር ውሻ የወለሉ ስፋት እጥፍ ከሆነላት ደግሞ እንድትንቀሳቀስ ከዚያ ማውጣት ግዴታ አይደለም። እንግዲህ አርቢው «ፈቃድ አለኝ፣ ሕግ አክብሬያለሁ» ሲል አልዋሸም። ችግሩም ይኸው ነው።

ሚዙሪ ላይ የሆነው የበለጠ ያስተዛዝባል። በ2010 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አንድ አርቢ ከ50 በላይ የሚራቡ ውሾች እንዳይኖሩት ወሰነ። የግብርናው ወገን «ዛሬ ውሻ፣ ነገ ከብትና አሳማችን» ብሎ ተነሣ። በዓመቱ የግዛቲቱ ምክር ቤት የቁጥሩን ገደብ አነሣው። ከብት አርቢው መስጋቱ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ከብት አርቢ ላሙን ከገዢ አይደብቅም።

መፍትሔው ከሱቁ በር ሳይጀምር አልቀረም። ካሊፎርኒያ ከ2019 ጀምሮ የቤት እንስሳት ሱቆች ከመጠለያ ካልመጣ በቀር ውሻ እንዳይሸጡ ከልክላለች፤ ኒውዮርክም በ2024 መጨረሻ የሱቅ ሽያጩን ዘግታለች። ሱቅ በሌለበት ሻጩ ገዢውን ወደ ቤቱ መጥራት አለበት። «ፓርኪንግ ላይ እንገናኝ፣ ይዤልህ እመጣለሁ» የሚል ሻጭ ያጋጠመው ሰው አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ እናቲቱን ማየት ይቻላል?