የሽመል ግትርነት በምን ይለካ? ከአሶሳ የሚነሣ ጥያቄ

መግቢያ

«ሽመል» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገሮችን ያመለክታል፤ የቆላውን ቀርከሃና ከእርሱ የሚቆረጠውን ረጅም በትር። ተክሉና በትሩ አንድ ስም መጋራታቸው ኅብረተሰቡ ከዚህ ተክል ምን እንደሚጠብቅ ይናገራል፤ ቀጥ ያለ፣ ሲይዙት የማይልፈሰፈስ፣ ሲደገፉበት የማይጎብጥ ዘንግ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሀገራችን የቆላ ቀርከሃ በስፋት ከሚበቅልባቸው አካባቢዎች ቀዳሚው ነው። በአሶሳና በአካባቢዋ ሽመል የቤት ግድግዳና ጣሪያ፣ አጥር፣ ጎተራና የቤት ዕቃ ይሠራበታል፤ ለጋ ቡቃያውም በክረምት ለምግብነት ይውላል።

ይሁን እንጂ ይህን ያህል አገልግሎት የሚሰጥ ተክል በገበያ የሚታወቀው በዘንግ ቁጥርና በዓይን በሚገመት ውፍረት ነው። ገዢው ዘንጉን በእጁ ገፋ አድርጎ፣ መታ አድርጎ ይፈርዳል። በምርምር ዘርፍም ቢሆን ግትርነትን የሚገልጹ አኃዞች የተለኩበት መንገድ በቅጡ ካልተገለጸ፣ የአንዱን ውጤት ከሌላው ማነጻጸር አዳጋች ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው አቋም አንድ ነው፤ የሽመል ግትርነት በቀላል መሣሪያ፣ ነገር ግን በጥብቅ ሥርዓት መለካት አለበት፤ ማንኛውም አኃዝ የተለካበት ሁኔታ አብሮ ካልተጻፈም እንደ ዕውቀት ሊቆጠር አይገባም።

ግትርነትና ጥንካሬ

በዕለታዊ ንግግር ግትርነትና ጥንካሬ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በምህንድስና ግን የተለያዩ ናቸው። ጥንካሬ አንድ ዘንግ ከመሰበሩ በፊት የሚሸከመው ጭነት ሲሆን፣ ግትርነት ደግሞ በጭነት ሥር ምን ያህል ሳይጎብጥ እንደሚቆም ይገልጻል። በቀላሉ ጎብጦ የማይሰበር ዘንግ አለ፤ ሳይጎብጥ ድንገት የሚሰበርም አለ።

የዘንግ ግትርነት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው። አንደኛው ቁሱ ራሱ ለመለጠጥና ለመጨመቅ የሚያሳየው እምቢተኝነት፣ ማለትም የኢላስቲክ ሞጁለስ ነው። ሁለተኛው ከመስቀለኛ ገጹ ቅርጽና ስፋት የሚመነጭ ነው። ይህ ሁለተኛው በድፍን ክብ ዘንግ ላይ ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ከአንድ ዓይነት ቁስ የተገኙ ሁለት ድፍን ዘንጎች አንዱ 4፣ ሌላው 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ቢኖራቸው፣ ሁለተኛው ወደ 2.4 እጥፍ ግትር ይሆናል። በዓይን ሲታይ ትንሽ የሚመስለው የአንድ ሴንቲሜትር ልዩነት በሥራ ላይ እጅግ ትልቅ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የተለመደ ግምትም መታረም አለበት። የቆላ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ወይም ጠባብ ቀዳዳ ያለው በመሆኑ፣ ባዶ ውስጥ ካለው የደጋ ቀርከሃ ይልቅ ግትር እንደሆነ ይነገራል። ነገር ግን 4 ሴንቲሜትር ውጫዊ ዲያሜትር ያለው ዘንግ መካከሉ በ2 ሴንቲሜትር ቢቦረቦር፣ ከቁሱ አንድ አራተኛው ሲቀነስ ከቅርጹ የሚገኘው ግትርነት የሚቀንሰው በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከመሐል ያለው ቁስ ለማጉበጥ ኃይል የሚሰጠው ምላሽ አነስተኛ ስለሆነ ነው። በቀርከሃ ላይ ደግሞ ጠንካራዎቹ ጭረቶች ወደ ውጫዊው ቅርፊት ተጠጋግተው ስለሚገኙ፣ የመሐሉ ድርሻ ከዚህም ያንሳል። ስለሆነም ድፍንነት ብቻውን የግትርነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ከጎልፍ ዘንግ የሚገኝ ትምህርት

ዘንግን በግትርነቱ ለይቶ የመሸጥ ልማድ ጎልቶ የሚታየው ከአሶሳ እጅግ በራቀ መስክ፣ በጎልፍ ጨዋታ ነው። የጎልፍ መምቻ ዘንግ ለብዙ ዘመን ሂኮሪ ከሚባል እንጨት ይሠራ ነበር። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1924 እ.ኤ.አ.፣ የሴንት አንድሩሱ ሮያል ኤንድ ኤንሸንት ክለብ ደግሞ በ1929 እ.ኤ.አ. የብረት ዘንግ እንዲሠራበት ፈቀዱ። ኋላም የካርቦን ጭረት ተከተለ። አምራቾች ዘንጎቻቸውን ከልፍስፍሱ ወደ ግትሩ በአምስት ፊደላት ይሰይማሉ፤ ኤል፣ ኤ፣ አር፣ ኤስ እና ኤክስ።

ችግሩ አምራቾች ሁሉ የተስማሙበት መለኪያ ከእነዚህ ፊደላት በስተጀርባ አለመኖሩ ነው። የአንዱ አምራች «አር» ከሌላው «ኤስ» ጋር ሊስተካከል ይችላል። ከዚህ የተነሣ ባለሙያዎች ዘንጉን ራሱን ወደ መለካት ሄዱ። በአንዱ ዘዴ የዘንጉ ወፍራም ጫፍ በማሰሪያ ተጣብቆ በቀጭኑ ጫፍ ላይ ክብደት ይንጠለጠልና የጎበጠበት መጠን ይነበባል። በሌላው ዘዴ ጫፉ ተገፍቶ ይለቀቅና ዘንጉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ይቆጠራል፤ ግትር ዘንግ ፈጥኖ ይርገበገባል። የሚርገበገበው ክብደት እስካልተለወጠ ድረስ ድግግሞሹ በ10 በመቶ ቢጨምር ግትርነቱ በ21 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው።

እነዚህ ዘዴዎችም ከስሕተት ነጻ አይደሉም። በአንድ ጫፍ የታሰረ ዘንግ የሚጎብጥበት መጠን ከርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። አንድ ሜትር ወጣ ብሎ መታሰር የነበረበት ዘንግ በ95 ሴንቲሜትር ቢታሰር፣ በዘንጉ ላይ አንዳች ሳይለወጥ ውጤቱ በ17 በመቶ ገደማ ግትር ያስመስለዋል። በተጨማሪም ዘንግ በአንድ ጎኑ ከሌላው ይልቅ ግትር ሊሆን ይችላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍም ግትርነቱ እኩል አይደለም።

ለሽመል ጥናት የሚተርፈው ትምህርት ከዚህ ላይ ይገኛል። የፋብሪካ ዘንግ በቅርጽም በቁስም እጅግ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ስሙ ብቻውን ካላስተማመነ፣ ከዱር የሚቆረጥ ሽመል «ጠንካራ» ወይም «አንደኛ ደረጃ» በሚል ስያሜ ብቻ ሊያስተማምን አይችልም።

ሽመል ሲለካ

ለቀርከሃ ዘንግ የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ የፍተሻ ደረጃ አለ። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥር 22157 በ2004 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2019 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል። በዚህ ሥርዓት ዘንጉ በሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደማል፤ ጭነቱ በሁለት ነጥቦች ላይ ያርፍና የመካከሉ ጉብጠት ይለካል። በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት ቢያንስ የዲያሜትሩ 30 እጥፍ እንዲሆን ይፈለጋል፤ አጭር ዘንግ ከመጉበጥ ይልቅ በቁሱ ውስጥ ባለ መንሸራተት ስለሚዛባ ውጤቱን ያሳስታል። ለ4 ሴንቲሜትር ሽመል ይህ ርቀት 120 ሴንቲሜትር ይሆናል።

በሽመል ላይ የሚገኘውን አኃዝ የሚለዋውጡት ዋና ዋና ነገሮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። የቀርከሃ ዘንግ በአንድ የዕድገት ወቅት ሙሉ ቁመቱንና ውፍረቱን ይይዛል፤ እንጨትነቱ የሚበረታው ግን በሚከተሉት ዓመታት ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመትና የሦስት ዓመት ዘንግ በውፍረት ተመሳሳይ ሆነው በግትርነት ሊለያዩ ይችላሉ። ሁለተኛው እርጥበት ነው። አሶሳ አንድ ረጅም የዝናብ ወቅትና አንድ ረጅም በጋ አላት፤ በነሐሴ ተቆርጦ ወዲያው የተለካ ዘንግና በጋውን ሙሉ በጥላ የደረቀ ዘንግ አንድ ዓይነት ምላሽ አይሰጡም። ሦስተኛው ከዘንጉ የተወሰደው ክፍል ነው፤ የሥሩ፣ የመካከሉና የጫፉ ክፍል በውፍረትም በጭረት ብዛትም ይለያያሉ። አራተኛው ጭነቱ ያረፈበት ቦታና የዘንጉ አቀማመጥ ነው፤ በአንጓ ላይና በአንጓዎች መካከል ያረፈ ጭነት፣ እንዲሁም በአንዱ ጎንና በሌላው ጎን የተጋደመ ዘንግ ልዩነት ያሳያሉ።

እነዚህ አራቱ ሳይመዘገቡ የሚቀርብ አኃዝ እስከ ሦስተኛ አስርዮሽ ነጥብ ቢጻፍም ጥቅሙ አናሳ ነው። በሌላ ወረዳ ከተለካ ሽመል ጋር ሊነጻጸር አይችልም፤ ልዩነት ቢታይ እንኳ የዝርያው፣ የአፈሩ ወይስ የአለካኩ መሆኑን መለየት ያዳግታል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የአናጢው እጅ ይበቃል የሚለው ነው። ልምድ ያለው ሰው በሽመል ላይ ያለው ፍርድ በእርግጥ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ይህ ፍርድ ከሰውየው ጋር ይኖራል፤ ሩቅ ላለ ገዢ፣ ለሕንፃ ነዳፊ ወይም ለአበዳሪ ተቋም ሊተላለፍ አይችልም። ልኬት የአናጢውን ዕውቀት አይሽርም፤ እንዲያውም የእርሱ ምርጫ ከመሣሪያው ውጤት ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ መፈተሽ ራሱን የቻለ የማስተርስ ጥናት ርእስ ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለግንባታ የሚያስፈልገው ጥንካሬ እንጂ ግትርነት አይደለም የሚል ነው። ይህ ሐሳብ የቀጭን ምሰሶን ባሕርይ ይዘነጋል። ረጅምና ቀጭን ምሰሶ የሚወድቀው ቁሱ ተጨፍልቆ ሳይሆን ወደ ጎን ጎብጦ ነው፤ ለዚህ የሚያበቃው ጭነት ደግሞ በቀጥታ የሚወሰነው በግትርነቱ ነው። የምሰሶው ርዝመት እጥፍ ቢሆን የሚሸከመው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የሽመል ጣሪያ ከመሰበሩ አስቀድሞ መርገቡም የዚሁ ጉዳይ ነው። በእንጨት ኢንዱስትሪም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣውላን በማሽን በጥቂቱ አጉብጦ፣ ከግትርነቱ ጥንካሬውን ገምቶ ደረጃ መስጠት የተለመደ ነው። ግትርነት ዘንጉን ሳይሰብሩ የሚለካ በመሆኑ የተለካው ሽመል ተመልሶ ለሽያጭ ይቀርባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ መሣሪያ የለም የሚል ነው። ዘመናዊ የፍተሻ ማሽን ውድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ጽኑ ድጋፎች፣ ሜትር፣ ውሃ የተሞላ ጄሪካንና ጥሩ የጉብጠት መለኪያ ለመጀመሪያ ደረጃ ልየታ ይበቃሉ። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ጉብጠቱን ማንበቡ ነው። ለማሳያ ያህል የ12 ጊጋፓስካል ሞጁለስ ያለው 4 ሴንቲሜትር ድፍን ሽመል በ120 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ተጋድሞ መካከሉ ላይ 20 ኪሎግራም ቢንጠለጠልበት የሚጎብጠው 4.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በተማሪ ማስመሪያ የአንድ ሚሊሜትር ስሕተት ቢፈጠር ውጤቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይዛባል። ስለዚህ ገንዘቡ መውጣት ያለበት ለትልቅ ማሽን ሳይሆን የሚሊሜትርን መቶኛ ለሚያነብ መለኪያ ነው። በቅድሚያ አነስተኛ ክብደት ሰቅሎ ዘንጉን ማስረገጥ፣ ከዚያ የተጨመረውን ክብደትና የተጨመረውን ጉብጠት ብቻ መውሰድ፣ ዘንጉንም በሩብ ዙር አዙሮ መድገም ውጤቱን ያስተማምናል።

ምን ይደረግ?

ለዚህ ሥራ ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል፤ ጥሬ ዕቃው በደጃፉ ነው። የምህንድስናና የተፈጥሮ ሀብት ተመራማሪዎች ተቀናጅተው አንድ ገጽ የማይበልጥ የመለኪያ ቅጽ ሊያዘጋጁ ይገባል። ቅጹ የተቆረጠበትን ወረዳና ወር፣ ዕድሜ፣ የእርጥበት መጠን፣ የዘንጉን ክፍል፣ በሁለቱም ጫፍ የተለካ ዲያሜትርና የግድግዳ ውፍረት፣ በድጋፎች መካከል ያለውን ርቀት እንዲሁም የጭነቱን ቦታ ይይዛል። በዚህ ቅጽ የሚሰበሰበው ውሂብ ከአሶሳ፣ ከባምባሲ፣ ከመተከልና ከካማሺ የመጣን ሽመል በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ለማስቀመጥ ያስችላል። ተማሪዎችም በየዓመቱ ከዜሮ ከመጀመር ድነው አንዱ በሌላው ላይ ይገነባሉ። ውሎ አድሮም ለብሔራዊ የደረጃ ምደባ መሠረት ይሆናል።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የቆላ ቀርከሃ ከብዙ ዓመታት በኋላ በጅምላ አብቦ የሚደርቅ ተክል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው አዲስ ትውልድ እንጂ የቀድሞው አይደለም። ያልተለካ ጫካ ሲደርቅ የቁሱ ታሪክም አብሮት ይጠፋል። ከዚህም በላይ ገበሬው ሦስት ዓመት ጠብቆ የቆረጠው የበሰለ ዘንግና ሌላው በለጋነቱ የቆረጠው ዘንግ በአንድ ዋጋ እስከተሸጡ ድረስ፣ ደን ጠብቆ ማቆየት የሚያስገኘው ጥቅም አይታይም። የተለካ ግትርነት ትዕግሥትን በዋጋ ሊተምን ይችላል። ለአሶሳ ሽመል የሚያስፈልገው አዲስ ውዳሴ አይደለም፤ ማንም ደግሞ ለክቶ ሊያረጋግጠው የሚችል ቁጥርና ያ ቁጥር እንዴት እንደተገኘ የሚናገር ግልጽ መዝገብ ነው።