የመረጃ ማከማቻ ዋጋ መቀነስና የገጠር መሬት መዝገብ ደኅንነት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው ዋና መንገድ ወረታን አልፎና የርብን ወንዝ ተሻግሮ ይፋግ ይደርሳል። የፎገራ ሜዳ በሩዝ ምርቱ የታወቀ ሲሆን፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት አካባቢ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ማፈናቀሉ ይታወሳል።

እንዲህ ባለው አካባቢ ከሰው ሕይወትና ከንብረት ቀጥሎ ጥበቃ የሚሻው ሰነድ ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደው የገጠር መሬት ምዝገባ አርሶ አደሮች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ማግኘታቸው፣ ባልና ሚስትም የጋራ ይዞታቸውን በሁለቱም ስም ማስመዝገባቸው ይታወቃል። ደብተሩ ሲጠፋ ወይም የድንበርና የውርስ ክርክር ሲነሳ ማመሳከሪያ የሚሆነው ባሕር መዝገቡ ነው። መዝገቡ በአንድ ቅጂ ብቻ በአንድ ክፍል ከተቀመጠ ጎርፍ፣ እሳት ወይም ምስጥ የብዙ ቤተሰቦችን ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል።

ይህን ስጋት በኮምፒዩተር ለማቃለል ቀደም ባሉት ዘመናት ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። አይቢኤም እ.ኤ.አ በ1956 ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ባለ ሃርድ ዲስክ ኮምፒዩተር በ50 ዲስኮች ላይ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላት ያህል ብቻ ሲሆን፣ የወር ኪራዩ 3 ሺህ 200 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ በ1980 ሲጌት ተመሳሳይ መጠን የሚይዝ አነስተኛ ዲስክ በ1 ሺህ 500 ዶላር ገደማ አቀረበ። ሂታቺ እ.ኤ.አ በ2007 በ399 ዶላር ለገበያ ያዋለው ባለ አንድ ቴራባይት ዲስክ ደግሞ የመጀመሪያውን 200 ሺህ እጥፍ ይይዝ ነበር። ለዋጋው መቀነስ ዋነኛው ምክንያት በአንድ ዲስክ ገጽ ላይ የሚጻፈው መረጃ ከዓመት ዓመት እየረቀቀና እየተጠጋጋ መምጣቱ ነው።

አንድ በስካነር የተነሳ ገጽ ግማሽ ሜጋባይት ይፈጃል ቢባል፣ አንድ ቴራባይት 2 ሚሊዮን ገጾችን ይይዛል። ይህም አንድ የወረዳ መዝገብ ቤት በእጅ በሚያዝ ዕቃ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ያመለክታል።

ይሁን እንጂ የዲስክ ዋጋ ረከሰ ማለት ሰነድ ተጠበቀ ማለት አይደለም። ገጹን አጥርቶ ማንሳት፣ ስምና ይዞታን ማመሳከር፣ አስተማማኝ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ ባለሙያ ዛሬም ወጪ ይጠይቃሉ። ዲስክም አገልግሎቱ በዓመታት የተወሰነ ነው። ከዚህም በላይ ቅጂው ከዋናው መዝገብ ጋር በአንድ ቢሮ ከተቀመጠ አንድ ጎርፍ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል።

በመሆኑም የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ቢያንስ አንዱን ቅጂ በሌላ ከተማ ማስቀመጥ፣ ቅጂው በትክክል መከፈቱን በየጊዜው መፈተሽና ዲስክ የሚተካበትን በጀት አስቀድሞ መያዝ ይጠበቅባቸዋል። መረጃውን ማን ማየት እንደሚችልም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት መወሰን አለበት።

ማከማቻ ውድ በነበረበት ዘመን የሰነድ መጥፋት በአቅም ማነስ ይመካኝ ነበር። ዛሬ ግን ቅጂ ባለመያዙ የአርሶ አደሩ ማስረጃ ቢጠፋ ተጠያቂው የአሠራር ጉድለት እንጂ የዲስክ ዋጋ ሊሆን አይችልም።