መርፌው ከቢላው ይቅደም

በብዙ ሆስፒታሎቻችን ታካሚው ከሰመመን በቅጡ ሳይነቃ አስታማሚው የማዘዣ ወረቀት ይዞ ወደ ፋርማሲ ይሮጣል። ወረቀቱ ላይ ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአምስት ቀን ተብሎ ተጽፏል። አሥር ብልቃጥ ማለት ነው። አስታማሚው ተበድሮም ቢሆን ይገዛል፤ መርፌው በተወጋ ቁጥር ቁስሉ ከማመርቀዝ እየተጠበቀ ይመስለዋል። ያዘዘው ሐኪምም ብዙ ጊዜ የሚያስበው እንደዚሁ ነው።

ነገር ግን ጀርም ወደ ቁስሉ የሚገባው በዋናነት ሰውነት ተከፍቶ ባለበት ሰዓት ነው። መድኃኒቱም በደምና በሥጋ ውስጥ ተሰራጭቶ መገኘት ያለበት ያኔ ነው። በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ በ2,847 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ መድኃኒቱን ካገኙት መካከል ቁስላቸው የተመረዘው 0.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዘግይቶ፣ ከተቀደዱ ከሦስት ሰዓት በኋላ የተሰጣቸው ግን 3.3 በመቶ ደረሱ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መድኃኒቱ ታካሚው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ቀዶ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ደግሞ ለመከላከያ ተብሎ እንዳይቀጥል መክሯል። ቀዶ ሕክምናው ከረዘመ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሰ እዚያው ክፍል ውስጥ ይደገማል። ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ ለቀናት የሚወጋው መርፌ የሚጨምረው ጥቅም አልተገኘለትም።

ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ሴፍትሪያክሶን የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ እንዲያዙ ከመደባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ያለ ቦታው በተሰጠ ቁጥር እሱን የተላመዱ ጀርሞች በዋርዱ ውስጥ ይበዛሉ፤ የሚቀጥለውን ታካሚ የሚይዙት እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ችግሩ ከሁሉ የከፋውም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው።

ሐኪሞቻችን መርፌውን የሚያራዝሙት ሳያውቁ ቀርተው ብቻ እንዳልሆነ እንረዳለን። ውኃ በሚቋረጥበት፣ አልጋና አልጋ በተጠጋጋበት ዋርድ የሚሠራ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ሆኖም ያልታጠበ እጅንና በደንብ ያልመከነ መሣሪያን መድኃኒት አያካክሰውም። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት በሀገራችን ሆስፒታሎች ያካሄደው ክሊን ከት የተሰኘ መርሐ ግብር ለዚህ ምስክር ነው። የእጅና የቆዳ ንጽሕና፣ የመሣሪያ ማምከን፣ የጋውንና የጨርቅ ደኅንነት፣ በሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲስተካከሉ የቁስል ኢንፌክሽን በሲሶ ያህል ቀንሷል። ይህ የሆነው በሌላ ዓለም ሳይሆን እዚሁ፣ በእኛው ባለሙያዎች እጅ ነው።

ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። የመከላከያው መድኃኒት አስታማሚ ከውጭ ገዝቶ የሚያመጣው መሆኑ ይቅር። ለአብዛኛው ቀዶ ሕክምና የሚመረጠው ሴፋዞሊን በቀዶ ሕክምና ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ይገኝ፤ ጤና ሚኒስቴርና የመድኃኒት አቅራቢው መሥሪያ ቤት ይህንን ያረጋግጡ። በሰዓቱ የመስጠቱ ኃላፊነት በስም ለአንድ ሰው፣ በተለይም ለሰመመን ባለሙያው ይሰጥ። በቀዶ ሕክምናው የደኅንነት መጠይቅ ላይ ያለው «መድኃኒቱ ተሰጥቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄም ታካሚው ከመቀደዱ በፊት ጮክ ተብሎ ይጠየቅ እንጂ ማታ በጥድፊያ የሚሞላ ቅጽ አይሁን። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚሸጡ ፋርማሲዎችም በሕግ ይጠየቁ።

ለታካሚዎችና ለቤተሰብም የምንለው አለ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ወይም ቀድሞውኑ መግል ቋጥሮ ለተቀደደ ሰው የሚታዘዘው መድኃኒት መከላከያ ሳይሆን ሕክምና ነውና በራሳችሁ ውሳኔ አታቋርጡት። ከመግባታችሁ በፊት መርፌው መቼ እንደሚሰጥ፣ ከወጣችሁ በኋላም መድኃኒት ከታዘዘ ለምን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ከሰፈር ፋርማሲ ካፕሱል ገዝታችሁ አትቆዩ፤ ወዳከማችሁ ሆስፒታል በዚያው ቀን ተመለሱ።