ለጦጣዋ መዝለያ አለ፤ ለሰውየውስ?

የአረጀ ፊልም አድሶ ማውጣት ነውር ነው የሚል እምነት የለኝም። ከዚህ ልጀምር። ከዚህ በታች ያለውን አንብቦ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሳንሱር ናፈቀው እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁና። ሳንሱር አልናፈቀኝም። አስፈሪ ፊልምም እወዳለሁ፤ ቀይ ቀለምና የላስቲክ ሆድ ዕቃ የሚዝረከረክበትን ጭምር። ጠቤ ከአንድ ፊልም ውስጥ ካሉ ጥቂት ደቂቃዎች ጋር ነው። ይበልጡንም እነዚያን ደቂቃዎች አጥበውና አጥርተው፣ በሚያምር ሣጥን ከትተው «ሙሉው እነሆ!» ከሚሉን ነጋዴዎች ጋር፣ እንዲሁም «እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» እያሉ ከሚያጨበጭቡላቸው ጋር ነው።

ፊልሙ «ካኒባል ሆሎኮስት» ይባላል። ጣሊያናዊው ሩጄሮ ዴኦዳቶ በኮሎምቢያ የአማዞን ደን ውስጥ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ነው። ታሪኩ አጭር ነው። አራት ወጣት ፊልም ቀራጮች «ሰው በላ» የተባሉ ነገዶችን ሊቀርጹ ጫካ ገብተው ይጠፋሉ። አንድ የኒውዮርክ ፕሮፌሰር ሊፈልጋቸው ሄዶ ሰዎቹን ሳይሆን የቀረጹትን ፊልም ይዞ ይመለሳል። ፊልሙ ሲታይ አውሬዎቹ እነማን እንደነበሩ ይገለጣል። መንደሩን ያቃጠሉት፣ ሴቲቱን የደፈሩት ባለካሜራዎቹ ኖረዋል። የቴሌቪዥን ጣቢያው አለቆች ግን «ይሄማ ገበያ አለው» እያሉ ይቋምጣሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ስለ ዜና ሰዎች ስግብግብነት ከተሠሩት ፊልሞች ውስጥ ከብዙዎቹ የተሻለ ጥርስ አለው።

ሚላኖ ላይ በታየ በቀናት ውስጥ ግን ፍርድ ቤት ያዘው። ዴኦዳቶ ተዋንያኑን የምር ገድሏል ተብሎ እስከ መጠርጠር ደረሰ፤ በሕይወት መኖራቸውን ማስመስከር ግድ ሆነበት። ተዋንያኑ አልሞቱም ነበር። እንስሳቱ ግን ሞተዋል። ጦጣዎች፣ አንዲት ትልቅ ኤሊ፣ አሳማ፣ እባብ፣ ሌሎችም በካሜራው ፊት የምር ታርደዋል። እንግሊዝ አገርም በ1980ዎቹ ከታገዱት ቪዲዮዎች መዝገብ ውስጥ ከተተችው።

ዘመን ሲገለበጥ የተወገዘው «ክላሲክ» ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ግራይንድሃውስ ሪሊሲንግ የተባለ ኩባንያ ምስሉን አድሶ በብሉሬይ አወጣው። ዲስኩ ከመጀመሩ በፊት ተመልካቹ እንዲመርጥ ይጠየቃል፤ ፊልሙን እንዳለ ለማየት ይፈልጋል ወይስ እንስሳት የሚገደሉበት ወጥቶ? እንዲህ ያለ ርኅራኄ ደስ ይላል። የብሪታንያው የፊልም ሳንሱር ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2011 ፊልሙን ሲያሳልፍ የቆረጠው 15 ሰከንድ ብቻ ነው። ያቺ 15 ሰከንድ ኮአቲ የምትባል፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ ትንሽ የዱር እንስሳ የምትገደልባት ናት። እዚያ አገር ለፊልም ሲባል እንስሳ የተሠቃየበትን ትርዒት ማሳየት የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ አለ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ መጣሁ። በፊልሙ መሐል ፕሮፌሰሩ የጠፉት ልጆች ቀደም ሲል ሠሩት የተባለ ሌላ ፊልም ይታያል። ስሙ «ወደ ገሃነም የሚወስደው የመጨረሻው መንገድ» ነው። ሰዎች ይረሸናሉ፤ ሬሳ ይጎተታል። ይህ ግን የዴኦዳቶ ድራማ አይደለም። ከናይጄሪያና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የተሰበሰበ እውነተኛ የግድያ ፊልም ነው። ሰዎቹ ሰዎች ናቸው፤ ጥይቱም ጥይት ነው። ከሁሉም የሚያስገርመኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የጣቢያዋ ሹም ወደ ፕሮፌሰሩ ዞር ብላ «አሁን ያየኸው ሁሉ የተቀነባበረ ነው» ትለዋለች። የሞቱትን ሰዎች ገደሏቸው፤ ቀረጿቸው፤ ሸጧቸው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አልሞቱም አሉ። ለኤሊዋ መዝለያ ያበጀው ኩባንያ ለእነዚህ ሰዎች ምን አበጀ? ምስላቸውን ብቻ አጠራላቸው።

እኔ ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት አሰላ ውስጥ፣ በ1986 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአንድ ቪዲዮ ቤት ነው። ያን ዘመን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ክፍል፣ ጀርባ የሌለው አግዳሚ፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር እየገባ እግር ሲያደነዝዝ። ካሴቱ የቅጂ ቅጂ ስለነበር ስሙ እንኳ አይታወቅም። ሰሌዳው ላይ «ሰው በላዎቹ» ተብሎ ተጽፏል። ሥዕሉ ዝናብ የሚዘንብበት ይመስላል፤ ደሙ ቡናማ ነው። እንግሊዝኛ የሚችል አንድ ተማሪ ለቤቱ ሁሉ ያስተረጉማል፤ ዋጋውም በነፃ መግባት ነው።

ከኋላ አንድ ከጦር ሠራዊቱ የተመለሱ ሰው ተቀምጠው ነበር። ሰው ሲበላ ዝም ብለው አዩ፤ ሳቁም። ያ ርሸና ሲመጣ ግን ብድግ አሉ።

«አጥፉት! ይሄኛው እውነት ነው» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ውሸት ነው ትላለች እኮ ሴትዮዋ!» አለ አስተርጓሚው። ቤቱ ሳቀ።

«እሷ ምን ታውቃለች? ሰው ሲወድቅ አይታ ታውቃለች?» ብለው ወጡ።

ሰውየው ትክክል ነበሩ። የፊልም መጽሔት አላነበቡም፤ ብሉሬይም ያኔ አልተፈለሰፈም። ተዋናይ ሲሞት እንዴት እንደሚወድቅና ሰው ሲሞት እንዴት እንደሚወድቅ ለይተው ያውቃሉ፤ በቃ። ቪዲዮ ቤቶችን «የትውልድ ማበላሻ» እያሉ የሚረግሙ ሰዎች ይህን ቢሰሙልኝ እወዳለሁ። እኔ እስከማውቀው ድረስ በዚያ ፊልም ላይ ትክክለኛውን ሂስ የሰጠው ቪዲዮ ቤት ነው።

አሁን ተቃዋሚዬን ላቅርብ። ሚላኖ የሚኖር አብሮ አደጌ አሰላ ሲመጣ ዲስኩን ይዞልኝ መጣ። ምስሉ ሲጠራ ጉድ ነው! ያ ቡናማ ደም ቀይ ሆኗል፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሪዝ ኦርቶላኒ ሙዚቃ እንደ ሠርግ ዜማ ለስላሳ ሆኖ ይሰማል። የተረሸኑት ሰዎች ፊትም እንዲሁ ጠራ። ያኔ ጥላ የነበሩት አሁን መልክ አላቸው። እዚህ ላይ ነው ከአብሮ አደጌ ጋር የተጋጨነው።

«ታሪክ አይቆረጥም» ይላል። «ዛሬ ይህን ብትቆርጥ ነገ ሌላው ሌላውን ይቆርጣል። ደግሞም ፊልሙ ራሱ እንዲህ ያለውን ንግድ የሚያወግዝ ነው።»

የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ቁረጡ አላልኩም። ግን አንተው «አይቆረጥም» የምትለውን ፊልም ኩባንያው ቆርጦታል እኮ! ለእንስሳቱ ሁለተኛ ቅጂ አዘጋጅቷል። መዝለያ ማበጀት ታሪክን አያጠፋም ማለት ነው። ታዲያ ለጦጣዋ ያላጠፋው ታሪክ ለሰውየው ሲሆን እንዴት ይጠፋል? ሁለተኛው ክርክር ደግሞ ይብሳል። ሌብነትን የሚያወግዝ ስብከት ለመስበክ መጽሐፉን መስረቅ ነው። ዴኦዳቶ የቴሌቪዥን ነጋዴዎችን የሚከስበትን ፊልም ለመሥራት የሰው ሬሳ በነፃ ወሰደ። እሱም የመጀመሪያው አልነበረም። እነ ጃኮፔቲና ፕሮስፔሪ እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሪካ አዲዮ» በሚለው ፊልማቸው በአህጉራችን የሚፈሰውን ደም የሲኒማ ትርዒት አድርገውታል። ጃኮፔቲ ለካሜራው ሲል ሰው አስገድሏል ተብሎ ተከሶ ነፃ ወጥቷል። ከግድያው ነፃ ይውጣ፤ ከገበያው ግን ማን ነፃ አወጣው?

በእኛ በኩል ሞት እንዴት እንደሚሣል ማየት የሚፈልግ ሰው ከሻሸመኔ ተነሥቶ በኮፈሌ አድርጎ ወደ ዶዶላና አዳባ ይሂድ። በየመንገዱ ዳር የአርሲ ኦሮሞ መቃብር ያያል። በሲሚንቶ የተሠራ፣ በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊ ቀለም የደመቀ ነው። ሟቹ በፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ ጦር ወይም ጠመንጃ ይዟል። ከብቶቹ ተሥለዋል፤ አንበሳም አለ። ስሙም ተጽፏል። ከአውቶቡስ መስኮት የሚያይ መንገደኛ ሳይቀር እገሌ የሚባል ሰው እዚህ እንዳለፈና ምን እንደነበረው አይቶ ያልፋል። ሥዕሉ የወደቀበትን ሰዓት አያሳይም፤ ቀና ብሎ የተቀመጠበትን ነው የሚያሳየው። በዚያው አገር ሰው የገደለ ወገን ጉማ ይከፍላል፤ የደም ዋጋ መሆኑ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የሟች ዘመድ ስም ተጠርቶ፣ ከብት ተቆጥሮ ነው ነገሩ የሚያልቀው። ሟች ባለቤት የሌለው ዕቃ አይደለም። ባለ ዲስኩ ኩባንያ ለሙዚቃው፣ ለፖስተሩ፣ ለተዋንያኑ ቃለ መጠይቅ ሁሉ ባለቤት እየፈለገ ሲያስፈቅድ ኖሮ፣ ለሬሳው ሲሆን ባለቤት የለም ብሎ አለፈ።

ፈረንጁን ብቻ ወቅሼ ብቀመጥ ግን ይታዘበኛል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ደርግ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር አቀናብሮ በቴሌቪዥን ለቀቀ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። እየሞተ ያለው ገበሬ ግን ለሁለተኛ ጊዜ የሌላ ሰው ጉዳይ ማስፈጸሚያ ሆነ። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ በሕዝብ መሐል የተገደለው ሰው ምስል በየስልካችን ገብቷል። በ2014 ዓ.ም. ከመተከል የወጣው፣ ሰው በእሳት የሚቃጠልበት ቪዲዮም እንዲሁ። ስንቱ ነው «አያችሁ?» ብሎ ያስተላለፈው? ስንቱስ ነው የሟቹ እናት ስልክ እንዳላት ያሰበው?

«ማስረጃ ነው፤ ባይቀረጽ ኖሮ ማን ያምን ነበር?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይህን በቀላሉ የማልፈው አይደለም። ነገር ግን ማስረጃ ስም አለው፤ ቦታና ቀን አለው፤ «ማን ገደለው?» ብሎ ይጠይቃል። ፖሊስ ዘንድ፣ ዳኛ ዘንድ፣ የሰብዓዊ መብት መርማሪ ዘንድ ይሄዳል። ስም ተፍቆ፣ ሙዚቃ ተጨምሮበት፣ በየቡድኑ ሲዞር ያ ምስል ማስረጃነቱ ቀርቷል። ዴኦዳቶ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ከናይጄሪያ የመጣውን ምስል ስም ሳይሰጥ፣ ቀን ሳይሰጥ፣ የእርሱ ገጸ ባሕርያት «የሠሩት» አስመስሎ ለጠፈው። የእውነተኞቹ ገዳዮች ወንጀል በልብ ወለድ ሰዎች ተሸፈነ።

ዴኦዳቶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሞቷል፤ ከሙት ጋር አልሟገትም። ዲስኩን የሚሸጡት ግን በሕይወት አሉ፤ ዋጋውም እየተቀበሉ ነው። የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለጦጣዋ ያበጁትን መዝለያ ለሰዎቹም ያብጁ። ከፊልሙ በፊት አንድ ጥቁር ገጽ ያስቀምጡና «በዚህ ፊልም ውስጥ ሲረሸኑ የምታዩአቸው ሰዎች የምር የሞቱ ናቸው፤ ተቀነባበረ የሚለው ንግግር ሐሰት ነው» ብለው ይጻፉ። ምስሉን ከጥራት ለማድረስ ክፈፍ በክፈፍ የሚያጥብ ባለሙያ የቀጠረ ኩባንያ፣ የዚያን ፊልም ምንጭ ተከታትሎ የሰዎቹን ስም የሚፈልግ አንድ ሰው መቅጠር አያቅተውም። ስማቸው ሲገኝ ከተዋንያኑ ስም ዝርዝር በላይ ይግባ።

አብሮ አደጌ እስካሁን አልተስማማም። ዲስኩም እኔው ዘንድ ነው፤ የሚመጣ ካለ አሳየዋለሁ፤ ርሸናው ጋ ስንደርስ ግን ቀድሜ እነግረዋለሁ።